አንዲት አረንጓዴ ከፋይ ቀሚስ

ባለሱቁ ከበረንዳው አባረረኝ፤ ያባረረኝም ባልተናገርሁት ነገር ነው። የስፌት መኪናዬን አንሥቶ ፀሐይ ላይ ካስቀመጠ በኋላ፣ «ከፋይ ጨርቅ አምጣ ብሎ ያሳሳተኝ ይሄ ሰውዬ ነው» ብሎ ለሰቆጣ ገበያ ሁሉ ተናገረ። ውሸት ነው። እኔ ያልሁት ተቃራኒውን ነበር። ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ሚስት አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ጢሜ ከወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ እጄ ይከብዳል፤ የምለውን ግን አውቀዋለሁ።

ነገሩ የሴት ልብስ ነገር ነው። አንድ ጎልማሳ የሴት ቀሚስ ሲያስብ ይውላል ወይ ብሎ የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሌላ ምን ላስብ?

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ዕቃ አይገባም። መስከረም ጠባ ሲል፣ መንገዱ ጠጠር ሲል፣ ባለሱቁ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ደሴ ይወርድና ጨርቅ በጣቃ በጣቃ ጭኖ ይመጣል። ያ ጨርቅ ከመስቀል እስከ ቅበላ ይሸጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም፣ ጥምቀቱም፣ የጥር ሠርግም በዚያ መካከል ነው። እሱ ጨርቁን ይሸጣል፣ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ፤ የገዛችው ሴት ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ለእኔ ታስረክባለች። እንግዲህ ባለሱቁ ደሴ ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ሴቶቹ በመጪው ብርድ ምን ሊለብሱ ነው? ከተሳሳተ ተመልሶ መውረድ የለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ይወጣና አጠገቤ ይቀመጣል።

«እህሳ፣ ዘንድሮ ምን ይሉሃል?» ይለኛል።

የሚሉኝ ነገር አልነበረም። ሴትን ለመስቀል ምን ልትለብሺ ነው ብለህ ብትጠይቃት «የተገኘውን» ትልሃለች። እውነቷን ነው፤ ደግሞም እውነቷን አይደለም። ስለዚህ እኔ አፍ አልጠይቅም፤ ክረምት ላይ ለጥገና የሚመጣውን ልብስ ነው የማየው። ሰው ያረጀ ልብሱን ሲያስጠግን አዲሱን እያሰበ ነው። ኮሌታ ይውጣልኝ ያለች ሴት፣ በመስቀል ኮሌታ የሌለው ቀሚስ ትገዛለች። ወገቡን አጥብበው ካለችኝ፣ የሆነች ወገቧ የጠበበ ሴት የሆነ ቦታ አይታለች።

ያን ጊዜ ቁጥር መጻፍ ስለማልችል የእያንዳንዷን ልክ ክር ላይ ቋጥሬ እይዝ ነበር። አንድ ሴት፣ አንድ ክር፤ ቋጠሮው የትከሻ፣ ቋጠሮው የእጅጌ፣ ቋጠሮው የቁመት። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቼ አንጠለጥላቸዋለሁ። አንድ ዓመት ልብ ስል የእጅጌው ቋጠሮ በሁሉም ክር ላይ ወደ ታች ወርዷል። አንድም ሴት እጅጌ ረዥም ይሁን ብላ ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ ሁሉም «ትንሽ ጨምርበት» ብቻ ነው ያሉት። ብርዱ ከአምናው አልበረታም። አዲስ የመጣች አስተማሪ አይተው ነው እንዳልል አስተማሪዋ ክንዷን ገልጣ ነው የምትሄደው። በደሃና ወረዳም፣ በዝቋላ ወረዳም፣ በከተማውም ውስጥ ያሉት ሴቶች ተመካክረው ነው እንዳልል፣ የደሃና ደገኛዋና የዝቋላ ቆለኛዋ የሚገናኙት ገበያ ላይ ነው፣ ያውም በእህል ዋጋ ሲነታረኩ። ታዲያ ማን ነገራቸው? እስካሁን አላወቅሁትም። ያ ነገር ያስገርመኝ ነበር። ሰው ሰማይ አይቶ ዝናብ ይገምታል፤ እኔ ሴቶች ገበያ ሲገቡ እያየሁ ስለ እጅጌያቸው እብሰለሰላለሁ።

የማውቀውም ነበረ። ሐዘን በበዛበት ዓመት ማግሥት ቀለም ይፈነዳል፤ ጥቁር ያወለቀች ሴት ቡኒ አትገዛም፣ ቀይ ትገዛለች። እህል ሲበዛ ሽንሽን ይበዛል፣ ሽንሽን ጨርቅ ይበላልና። እህል ሲጠፋ ቀሚሱ ይጠብና «ውስጡን ብዙ እጠፍልኝ» ይባላል፤ ለሚመጣው ዓመት የሚፈታ ነገር እንዲኖር ነው። ከደሃና የምትመጣው ውርጭ ስለሚመታት ወፍራም ትፈልጋለች፤ ከዝቋላ የምትመጣው ስስ ትፈልጋለች፤ ሁለቱ ግን ቀለሙ አንድ ሲሆን ነው ደስ የሚላቸው። ይህን ሁሉ ለባለሱቁ እነግረዋለሁ፣ እሱም ደሴ ወርዶ ያመጣል። አንዳንዴ ልክ እሆናለሁ፣ አንዳንዴ እስታለሁ። ስሳሳት አብረን ስንሳደብ እንውላለን፤ በዚያ ተጣልተን አናውቅም ነበር።

ከዚያ አረንጓዴው ከፋይ መጣ።

ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች አንዲት ወጣት ነበረች፤ ቤቷ ከገበያው በላይ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቁራጭ አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ይዛ መጣች። ከፋይ ብዙ ጊዜ የማየው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ላይ ነው። ለስላሳ፣ ጠጉራም፤ እጅህን በአንድ በኩል ስታስኬድበት ይጨልማል፣ በሌላ በኩል ስታስኬድበት ይበራል።

«ቀሚስ ይወጣዋል ወይ?» አለችኝ።

«ቁመትሽን ካየሁት አይወጣውም።»

«እንግዲያ አሳጥረኛ!»

ጨርቁ ስላጠረኝ በግራ ብብቷ በኩል ጥቁር ልጣፊ አስገባሁና ወጣላት። በዚያው ሳምንት ለብሳ አየኋት፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ላይ አላየሁትም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ሻደይ ገባ። የሌላ አገር ሰው ካነበበው፣ ሻደይ የልጃገረዶች በዓል ነው። ሻደይ የሚባለውን ረዥም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ ያስራሉ፣ ከበሮ ይዘው በየሰፈሩ ይቧደናሉ፣ በኽምጣናም በአማርኛም እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ቀኑ ብዙ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያለ ቆንጆ ልብስ ሁሉ በዚያ ሰሞን ከሣጥን ይወጣል። ግን አንድ ነገር አለ፤ ልጃገረዶቹ የሚለብሱት ሁሉ የራሳቸው አይደለም። የአክስት ነው፣ የታላቅ እህት ነው፣ የጎረቤት ነው። ዛሬ የላይ ሰፈሯ የለበሰችውን ነገ የታች ሰፈሯ ትለብሰዋለች፤ ሣሩ በላዩ ላይ ሲታሰር ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ፤ ስፌቱ የእኔ ነዋ።

ባለሱቁ በበዓሉ መካከል ሻዩን ይዞ ሳይሆን እየሮጠ ነው የመጣው።

«አየህ?» አለኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ከፋዩን ነዋ! አረንጓዴ ከፋይ! ትናንት ከላይ ሰፈር ለብሰው አየሁ፣ ዛሬ ጧት ከታች ሰፈር አየሁ፣ አሁን ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሲያልፉ። አገሩ ሁሉ ከፋይ ለብሷል፣ አንተ እዚህ እጅጌ ትለካለህ!»

«ጋሼ፣ ያቺ አንድ ቀሚስ ናት።»

«ምን?»

«አንዲት ቀሚስ ናት እያልሁዎት ነው። እኔ ነኝ የሰፋኋት። ልጃገረዶቹ እየተዋዋሱ ነው። ግራ ብብቷ ላይ ጥቁር ልጣፊ አለ፤ ልጅቷ እጇን ከፍ አድርጋ ስትጨፍር ይታያል። ትናንትም ታይቷል፣ ዛሬም ታይቷል።»

በረንዳው ላይ ዝናብ የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ። ባለሱቁ ወደ እነሱ ዞረና፣

«ሰማችሁት ይሄን ሰውዬ? የሴት ብብት ሲያይ ነው የዋለው!» አለ።

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ባለቀሚሷ በዚያ ስታልፍ ጠርቼ፣ «ቀሚስሽ የት አለች?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ!» አለች። «እሷ ከእኔ በላይ ሰቆጣን ዞራዋለች። ስትመለስ ሰላም በላት።»

ባለሱቁ ይህን አልሰማም፤ ሱቁ ገብቶ ነበር። ማታ ሊዘጋ ሲል ደግሜ ነገርሁት። እኔ ለዚያ ዓመት ያየሁት ሌላ ነበር። ክረምቱን ሁሉ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ደረታቸው በቁልፍ የሚከፈት ቀሚስ እየጠየቁኝ ነበር፤ በብርድ ሙሉውን ቀሚስ እየሰቀሉ ማጥባት ሰልችቷቸዋል። ወፍራም ጥጥ፣ ቡኒ ወይም የጠቆረ ቀይ፣ ከደረቱ የሚከፈት፤ ይህን ያምጡ አልሁት። እንዲሁም አልሁት፦ «ከፋይ ድንጋይ ላይ ተወቅጦ አይታጠብም፣ ጠጉሩ ይረግፋል። የገብስ ገለባ ከያዘው አይለቅም። ለእኛ አገር ሴት የሚሆን ጨርቅ አይደለም።»

«ዓይኔ ነው ያየው» አለኝ።

«ዓይንዎ ያየው አንዲቱን ነው፣ ደጋግሞ።»

መስከረም ላይ ወረደ፤ ከፋይ በከፋይ ሆኖ ተመለሰ። አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ። መደርደሪያው ሲሞላ እንደ ቤተ መቅደስ መሰለ። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ «አይ ለስላሳነቱ!» ይላሉ፣ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ያዩታል፣ ከዚያ ዞር ብለው ሌላ ሱቅ ሄደው ጥጥ ይገዛሉ። እየዳሰሰች የሄደችውን ሴት ሳይ እኔም ግራ ገባኝ። አማራት፤ እንዳማራት ዓይኗ ይናገራል። ታዲያ መውደድና መልበስ የተለያየ ነገር ነው ማለት ነው? ይህን ያኔ ነው ማሰብ የጀመርሁት። እኔ ያልሁት ቡኒም ቢሆን ብዙም አልተለበሰም፤ ከደረት የሚከፈተው ግን በሌላው ሱቅ ጥጥ ተሰፍቶ ገበያ አገኘ።

ኅዳር ሲጋመስ ባለሱቁ የስፌት መኪናዬን አንሥቶ ፀሐይ ላይ አወጣው።

«አንተ ነህ ያከሰርኸኝ!»

«እኔ ምን አልሁ?»

«ብርዱ ይበረታል፣ ወፍራም አምጣ አላልኸኝም?»

«ወፍራም ጥጥ ነው ያልሁት። ከፋይ አይሆንም አላልሁዎትም?»

«ወጊድ! ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምክር ሰምቼ!»

ገበያተኛው ቆሞ ያያል። ያን ቀን ያቃጠለኝ በረንዳው አልነበረም፤ በረንዳ ሌላም አለ። ያቃጠለኝ ከዚያ ቀን ወዲያ ሴቶቹ ጨርቅ ይዘው ሲመጡ «አንተ ደግሞ ከፋይ ልበሱ ያልኸው አይደለህ?» እያሉ መሳቃቸው ነው። የእኔ እንጀራ መርፌው ብቻ አይደለም። ሴቲቱ «ምን ይሻለኛል?» ብላ ስትጠይቀኝ ቃሌን ካላመነች፣ እኔ ጨርቅ የምቀጥል መሣሪያ ነኝ። ሽማግሌ ላክሁ፤ «የሱቄ ነገር የእኔ ነው» ብሎ አልመጣም አለ።

ከወይራ ዛፍ ሥር፣ ንፋስ እየመታኝ መስፋት ጀመርሁ። ደንበኛዬ ሳሳ። ማታ ማታ ለጎልማሶች የሚሰጠው ትምህርት የገባሁትም በዚያ ዓመት ነው፤ «ፊደል ያልቆጠረ» ያለኝ ቃል ከልቤ አልወጣ ብሎኝ። ለደግ ነገር አልገባሁም፣ በቂም ነው የገባሁት። ያም ሆኖ ፊደሉ ገባኝ።

የካቲት ላይ አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ መጡ። ውኃ ከሩቅ የሚቀዱ፣ ጀሪካን በገመድ አዝለው የሚመላለሱ ናቸው። ከላይ የደረቡትን ቀሚሳቸውን አውልቀው ትከሻውን አሳዩኝ፤ ገመዱ በልቶ ወንፊት አድርጎታል። ከነጠላቸው ጫፍ የክንድ ያህል ወይን ጠጅ ከፋይ ፈቱ። ባለሱቁ ጣቃው አልሸጥ ሲለው በክንድ እየቆረጠ ማውጣት ጀምሮ ነበር።

«ይሄን ትከሻዬ ላይ ለጥፍልኝ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ አያምርም። ቀሚስዎ ዳለቻ ነው፣ እሱ ወይን ጠጅ።»

«ማን እንዲያምር አለህ? ገመዱ እየበላኝ ነው። ሌላው ጨርቅ ይፈገፍጋል፣ ይሄ ለስላሳ ነው። አንገቴም ላይ አዙርልኝ፤ ጧት ጧት ውርጩ አንገቴን ይቆርጠኛል።»

«ሰው ይስቅብዎታል።»

«በአንተ የሳቁት ይበቃቸዋል፤ ለእኔ የሚተርፍ ሳቅ የላቸውም» አሉኝ።

ለጠፍሁላቸው። ትከሻው ላይ ሁለት ንጣፍ፣ አንገቱ ላይ ዙሪያውን። ሲለብሱት ግን አምሮባቸዋል። ጠጉሩ ብርሃን ሲመታው አንገታቸው ዙሪያ ይጨልማል፣ ይበራል። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልገመትሁም፤ ሙያዬ ነው፣ ዓይኔ ሥር ነበረ፣ አላየሁትም።

ከሳምንት በኋላ የእሳቸው ጎረቤት መጣች። ከዚያ የጎረቤቷ እህት። መጀመሪያ የመጡት ውኃ የሚያዝሉት ናቸው፣ ገመድ የበላቸው። ክረምቱ ሳይገባ ግን ጀሪካን ነክታ የማታውቅ ልጃገረድ መጥታ «ትከሻው ላይ ከፋይ አድርግልኝ» አለችኝ።

«ምን ልታዝይበት?»

«ምንም። እንዲያው ያምራላ!»

ስፌቱን አቁሜ አየኋት። ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው ብዬ አሰብሁ። አንድ ነገር ከችግር ወጥቶ ፋሽን የሚሆንበትን ቦታ በዓይኔ አየሁት። የእጅጌው ነገር ያን ዓመት ያመለጠኝ ይሄ ሳይሆን ይቀራል? አንዷን የሆነ ነገር በልቷት፣ ወይ አንዷን ትንኝ ነክሷት፣ ወይ አንዷ ጠባሳ ሸፍና፣ ከዚያ ሌላዋ «እንዲያው ያምራላ» ብላ። በሻደይ ልጃገረዶቹ ከፋይ አንገት አውጥተው ጨፈሩ፤ ይህን ጊዜ አንዲት ቀሚስ አልነበረችም። በመስቀል የፃግብጂ ወረዳ ሴቶች ሳይቀሩ መጡ። ኅዳር ላይ ከፋይ በአንገቷ ያልዞረባት ሴት ገበያ ላይ ማግኘት አቃተኝ፤ የባለሱቁ ጣቃም በክንድ በክንድ ተቆርጦ አለቀ።

አሁን ደግሞ ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆመና፣

«ይኸው! ከፋይ ይለበሳል አላልሁም? እኔ ነኝ ቀድሜ ያወቅሁት! ዓይኔ ነው ያየው!» ማለት ጀመረ።

ደሜ ፈላ። አምና ወቀሳው የእኔ፣ ዘንድሮ ሙገሳው የእሱ። ድጋሚ ሽማግሌ ላክሁ። በዚህ ጊዜ እምቢ ማለት አልቻለም፤ አፉ ሁለት ነገር ተናግሮ ገበያው ሰምቶታል።

በጥር ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ቄስ ናቸው። እኔ የሻደዩን ቀን ተናገርሁ። ባለሱቁ ስለ ወፍራሙ ተናገረ። ቄሱ ረጋ ብለው ሰሙና፣

«ቆይ፣ አንተ ሰው» አሉት። «አምና ከፋዩን ያስመጣኝ እሱ ነው አልህ። ዘንድሮ ከፋዩን ያወቅሁት እኔ ነኝ አልህ። ልቅሶውን ለእሱ ሰጥተህ ሠርጉን ለራስህ ያዝህ። እሱ ካስመጣህ ሙገሳውን ስጠው፤ አንተ ካመጣኸው ወቀሳውን ተሸከም። የቱን ትመርጣለህ?»

«አባ፣ እሱ ወፍራም ብሎ…»

«ወፍራሙን ተወው። ከፋይ አምጣ ብሎሃል?»

ባለሱቁ ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዞረ።

«ብሎኛል ካልህ ተነሥና በደጀ ሰላሙ ፊት ቁመህ ማል። ከማልህ እሱ በረንዳህን ይርሳ፣ ነገሩም ይለቅ።»

ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሰው ለስሙ ሲል ይምላል፤ ሲምሉ አይቻለሁ። ቢምል እኔ ለዘላለም ከፋይ ልበሱ ያለ ሞኝ ሆኜ ልቀር ነው። ባለሱቁ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ወደ ደጀ ሰላሙ አየ፣ ብዙ አየ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አልምልም» አለ።

«ለምን?»

«አምጣ አላለኝምና። አንዲት ቀሚስ ናት ብሎኛል። ሁለቴ ብሎኛል። ሳቅሁበት።»

አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት። እኔ አላልሁትም። ሰውዬውን አልወደውም፣ አሁንም አልወደውም፤ ግን መሐላውን ፈርቶ እንጂ እኔን ፈርቶ እንዳልተናገረ አውቃለሁ፣ ይህንንም አልነፍገውም። ቄሱ ካሣ ምን ትፈልጋለህ ሲሉኝ፣ «እዚያው በረንዳ ላይ፣ በዚያው ድምፁ፣ ገበያ ሞልቶ እያለ ይበለው» አልኋቸው። ተፈረደልኝ፤ ቦታዬም እንዲመለስልኝ ተፈረደ።

በተከታዩ የገበያ ቀን፣ ሴቶቹ እህላቸውን ዘርግተው ሳለ፣ ወጥቶ ቆመ። «ስሙኝ!» አለ። ድምፁ መጀመሪያ አልወጣም፤ አንዷ ከታች «ጎላ አድርገው፣ አባቴ፣ እንደዚያን ጊዜው!» አለችው፣ ሰው ሳቀ። ጎላ አድርጎ፣ «ከፋይ አምጣ ብሎ የመከረኝ ሰው የለም፣ ልብስ ሰፊው አይሆንም ብሎኝ ነበር» አለ። ሁሉም ሰማ። ቀኑ ጥር አሥራ ሰባት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር።